የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የወጣችው ሴት

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ስንወያይ ሰብለ ወንጌል ለነፃነቷ የታገለች ሴት ናት ብዬ ተናገርኩ። መምህራችን ግን ‹የሴቶች እኩልነት ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው፤ በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አትፈልጉት። ሰብለ ያፈቀረች ልጅ እንጂ የታገለች ሴት አይደለችም› አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እውነት ነው? ለመመረቂያ ጽሑፌ ይህን ርዕስ ልያዘው ወይስ ልተወው? ምክርዎን እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦

ርዕሱን ያዢው። እንዲያውም ሳይቀድሙሽ ያዢው። ግን «ታግላለች ወይስ አልታገለችም» ብለሽ ከጀመርሽ ከመምህርሽ ጋር እሰጥ አገባ ገብተሽ ዓመቱ ያልቅብሻል። እሳቸው «ንግግሯ የታለ? ጥያቄዋ የታለ?» ይሉሻል። አንቺም ገጽ ስታገላብጪ ትከርሚያለሽ። አታገኚውም። ሰብለ ስለ ሴቶች መብት ቆማ የምትናገርበት ገጽ የለም።

እኔ ብሆን አፏን ትቼ እግሯን እከተላለሁ። ከቤት የምትወጣው መቼ ነው? ምን ለብሳ? ማን ፈቅዶላት? ከወጣች በኋላስ የት ትደርሳለች? በግእዝም በአማርኛም የተጻፉትን ታሪኮቻችንን በዚህ ጥያቄ ስታነቢያቸው አንድ ነገር እየተደጋገመ ይመጣል። ከአባት ወይም ከባል ቤት በራሷ ፈቃድ የወጣችው ሴት ወይ የወንድ ልብስ ለብሳለች፣ ወይ ቆብ ደፍታለች። ሰብለ ደግሞ ሁለቱንም አድርጋለች። በእኔ አስተያየት የመመረቂያ ጽሑፍሽ ያለው እዚህ ነው። ደራሲው ስለ እኩልነት ምን አሰበ የሚለውን ለጊዜው አቆዪው። ያ ማኅበረሰብ ለሴት ስንት በር ከፍቶላት ነበር? እሱን ቁጠሪ።

ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ወዲያው እቴጌ ጣይቱን የሚጠራ ሰው አይጠፋም። «እኛ እኮ ገና ድሮ ንግሥታት ነበሩን» ይባላል፣ ወሬው እዚያው ይዘጋል። ጣይቱ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ክርክር የለውም። ግን የቤተ መንግሥት ሴት የነበራት ሥልጣን ጎጆ ውስጥ ስላለችው ሴት ምንም አይነግረንም። ንግሥታቱን ከጽሑፍሽ ቀንሻቸው። ቦታ ይፈጃሉ።

«ከፈረንጅ የመጣ ነው» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ በግእዝ የተጻፈ ነው። ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ማለቴ ነው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ እሷ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ደግሞ ነገሩ ያስቃል፤ ይህች ሴት ከቤቷ የወጣችው ፈረንጅ ይዞት የመጣውን ሃይማኖት እምቢ ብላ ነው። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩን ወደዚያው በሚጎትቱበት ዘመን ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። ሀብት አላት፣ ማዕረግ አላት። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። መመንኮስ ፈለገች። ባለትዳር ሴት ግን እንዲሁ ብድግ ብላ አትመነኩስም። ተደብቃ ወጣች።

ባሏ ጦር አስከትሎ መጣ። የተጠለለችበትን አገር ወታደሮቹ ያጠፉት ጀመር። ይህን ጊዜ ተመለሰች። ሰው በእኔ ምክንያት አይለቅ ብላ ወደ ባሏ ቤት ገባች።

እዚህች ቦታ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። ብዙ አንባቢ መመለሷን እንደ ትሕትና አንብቦ ያልፋል። ለእኔ ግን ገድሉ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ሴት ከቤት ስትወጣ ቅጣቱ እሷ ላይ ብቻ አይወርድም፤ ያስጠጋትም ሰው ይከፍላል። ስለዚህ የሚያስጠጋት አይገኝም። አጥሩ የተሠራው እንዲህ ነው። ዛሬ ከባሏ ዱላ ያመለጠች እህቱን «ነገ ተመልሰሽ ትታረቂያለሽ» ብሎ የሚሸኝ ወንድምም እኮ ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገ በሩ ላይ የሚመጣውን ፈርቶ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ቆይታ እንደገና ወጣች። ባሏ አቡነ ስምዖንን ከገደሉት ወገን እንደነበረ፣ የጳጳሱም ልብስ እሱ ዘንድ እንዳለ ስታውቅ ከዚህ ሰው ጋር አልኖርም አለች። ጌጡንም ምግቡንም ተወች። በመጨረሻ ለቀቃት። ጠጉሯን ተላጨች፣ ቆብ ደፋች። ከዚያ በኋላ ያለችው ወለተ ጴጥሮስ ሌላ ሰው ናት። ንጉሥ ፊት ቀርባ አልታዘዝም ትላለች፣ ትጋዛለች፣ ከግዞት ትመለሳለች፣ ጣና ዙሪያ ሴትም ወንድም የሚኖርባቸውን ማኅበራት ትመራለች። ገድሉን የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል ወንድ መነኩሴ ነው። የነገሩት ግን አብረዋት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ከነሱም መካከል መነኮሳይያት አሉ። ሴቶች ስለ ሴት የተናገሩት ቃል በወንድ ብዕር አልፎ ነው የደረሰን። ይህንን ነገር ያዢልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አማርኛ ልብ ወለድ ስትመጪ ገና ከመጀመሪያው መጽሐፍ ነው የሚጀምረው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ታሪክ የመንታ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር የምትወጣ ልጅ ታሪክ ነው። ጦቢያ መንገድ ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ልብሱ ሠራላት። እንዲያውም አብዝቶ ሠራላትና ከንጉሡ ቤት አንዲት ልጅ «እሱን» ወደደችው! መጨረሻ ላይ ምስጢሩ ይወጣል። ንጉሡ ጦቢያን ያገባል፣ ወንድሟም ያችን ልጅ። ሁሉም ደስ ይለዋል። ጦቢያ ግን ልብሱን ባወለቀች ማግስት ሚስት ሆነች። ሴት ሆና መንገድ ላይ የምትታይበት አንድ ቀን እንኳ የለም። በዚህ ላይ ብዙ አትቆዪ፤ ተረት የሚመስል መጽሐፍ ነው። የኋለኛውን ለማንበብ ግን ይጠቅምሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሰብለን ነው። እኔ የማስቀድመው የፍቅረኛዋን የበዛብህን እናት ነው፤ ውድነሽ በጣሙን። መምህርሽ ስለ እሷ አንድ ቃል ተናግረዋል? አይመስለኝም።

ውድነሽ ድኃ አይደለችም። መሬት አላት። በአማራው አገር የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን እንደ ወንድሟ ትወርሳለች። ይህ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከማናችንም አያት በፊት የነበረ ነው። እንግዲህ በወረቀት ቢሆን ውድነሽ ምን ጎደላት? ሁለት ነገር ጎደላት። አንደኛ ያገቧት ባሎች ሞተውባታል፤ አገሬው «ገፊ» ብሎ ይሸሻታል። ወንድ ሚስት ስትሞትበት ምስኪን ይባላል፤ ሴት ባል ሲሞትባት እሷው ገዳይ ትሆናለች። ሁለተኛው ከዚህም የሚብስ ነው። በሬ መጥመድ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ታርማለች፣ ትሰበስባለች፣ ታበጥራለች፣ እህሉን ቤት ታስገባለች። ዕርፍ ግን አትጨብጥም። ከእርሻው ሥራ ሁሉ አንዱ ብቻ ተከለከላት፤ ያ የተከለከለው ደግሞ ሌላው ሁሉ የሚጀምርበት ነው። መሬት ያላት፣ የሚያርስላት የሌላት ሴት ማለት ናት። ቦጋለ መብራቱ ቤቷ ሊሠራ የገባ ድኃ ሰው ነው። አገባችው።

ይህን የፍቅር ታሪክ አድርገሽ ማንበብ ትችያለሽ፤ ያስኬዳል። ደራሲው ግን የጎጃም ሰው ናቸው፣ እርሻውን ያውቁታል። ሴት የራሷ መሬት ላይ የሌላ ሰው እጅ ጠባቂ የምትሆንበትን መንገድ አንድም ጊዜ «ይህ በደል ነው» ሳይሉ አሳይተውናል። ለኔ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሴቶች ኑሮ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ሰብለ የውድነሽ ግልባጭ ናት። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ የሚያርስ ገባር ሞልቷል። የሷ ችግር ለማን ትሰጥ የሚለው ነው። አባቷ ለዘሬ የሚመጥን አይደለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ጓደኞቿ አግብተው ወለዱ፤ እሷ ቀረች። ቀጥሎ ደግሞ በማዕረጉ ለሚመጥን ሰው እንድትሰጥ ተወሰነ። ሁለቱም ጊዜ እሷን የጠየቃት የለም። አለማግባቷም ማግባቷም የአባቷ ነው። በዛብህን ያገኘችው ሊያስተምራት ቤት ገብቶ ነው። ፊደል ይዞባት የመጣውን ጣጣ እንግዲህ ታውቂዋለሽ፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አገር ለልጁ አስተማሪ ቀጥሮ ምን ይጠብቅ ነበር?

ከዚያ ወጣች። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ። ይህን ልብስ ደራሲው ለጌጥ አላመጡትም። የዓባይን በረሃ ማቋረጥ አለባት። ብቻዋን የምትሄድ ልጃገረድ በዚያ መንገድ ላይ ወይ ትጠለፋለች ወይ «የማን ልጅ ናት?» ተብላ ትመለሳለች። መነኩሴን ግን ማንም የማን ነህ አይለውም። የእግዜር ነው። ቤት ሲደርስ ያሳድሩታል፣ እግሩን ያጥቡታል፣ ነገ ጠዋት ይሸኙታል። ሰብለ መንገዱን ያገኘችው የማንም መሆኗ በዚያ ልብስ ስለተፈቀደላት ነው።

መምህርሽ በከፊል ልክ የሚሆኑት አሁን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሥርዓቱን የሚተነትነው ጉዱ ካሣ ነው። ወግና ልማዱን የሚጠይቀው፣ የመሳፍንቱን ኩራት የሚያፌዝበት፣ ለዚያም «ጉዱ» የተባለው እሱ ነው። ሰብለ ትሄዳለች፤ ካሣ ያስባል። ጭንቅላቱ ለወንድ፣ እግሩ ለሴት ተሰጥቷል። «ሰብለ አልታገለችም» የሚል ሰው እያለ ያለው «ሰብለ አልተናገረችም» ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ካሣ ያን ሁሉ ተናግሮ ከዚያው አገር አልወጣም ነበር። ቀድማ የወጣችው ልጅቷ ናት። ክፍል ውስጥ ይህንን ብትያቸው የሚስቅ የሚኖር አይመስለኝም።

መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አገኘችው፤ እሱ ሲሞት እሷ መነኮሰች። ያን ጊዜ ልብሱ የእውነት ሆነ። ብዙ ሐያሲ ይህን የፍቅር ጽናት ይለዋል። እኔ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፤ ወዴት ትሂድ? ወደ አባቷ ቤት? አዲስ አበባ ሄዳ ምን ሠርታ ትብላ? በዚያ ዘመን ባል የሌላት፣ አባቷን የከዳች፣ ግን የምትከበር ሴት መሆን የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ያንን መንገድ ወሰደች።

ቆብ እንዲህ ያለ ኃይል ነበረው ስል የማጋንን ከመሰለሽ ከልብ ወለድ እንውጣና ወደ እውነተኛ ሰው እንሂድ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። ጎጃም ውስጥ፣ ጽላሎ ላይ፣ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ዓይነ ስውር እናት ናቸው። ቅኔ ቤት ማለት እኮ የወንድ ዓለም ነው። የቆሎ ተማሪው ከደብር ደብር ይዞራል፣ ሌጦውን ለብሶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ከውሻ ጋር ይታገላል፣ ማታ ጎጆው ውስጥ ተኮራምቶ ያድራል። ሴት ልጅ በዚህ ሕይወት ውስጥ ማለፍ አትችልም ነበር። እማሆይ ገላነሽ ቅኔውን ከአባታቸው ቤት ተማሩ፤ መምህር ሆነው ወንበር ዘረጉ፤ ወንዶቹ ተማሪዎች እግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ቆጠሩ። ልብ ወለዱ በሚተርከው አገር፣ በዚያው የትምህርት ዓለም ውስጥ ማለት ነው። መነኩሲት ባይሆኑ፣ የቅኔ መምህር ልጅም ባይሆኑ ይህ ይሆን ነበር ወይ? በሩ ነበረ። ግን ጠባብ ነበር።

አሁን ደግሞ «ከፈረንጅ መጣ» የሚለውን ከሌላ ጎን ልዩልሽ፤ ይሄኛው መምህርሽን ራሳቸውን ያስገርማቸዋል ብዬ አስባለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15። የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ማን ናቸው? ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ። በአገራቸው በፈረንሳይ ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ የመያዝና የራሷን የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የኛው ልብ ወለድ በታተመበት ሰሞን ማለት ነው! እንግዲህ ከፈረንጅ የመጣው እኩልነት ብቻ አልነበረም። «ሚስት ለባሏ ትታዘዝ» የሚለውም በዘመናዊ ሕግ አንቀጽ ተቆጥሮለት ሲገባ በፈረንጅ ብዕር ነው የገባው። ሐቁን ለመናገር ለባል የበላይነት ከውጭ መበደር አያስፈልገንም ነበር፤ ፍትሐ ነገሥቱም ልማዱም ሞልቶታል። ብቻ «ባህላችን» እና «የነሱ» ብለሽ በአንድ መስመር ለሁለት ለመክፈል ብትሞክሪ መስመሩ ቶሎ ይጠፋብሻል። ሴት ልጅ ርስት የምትወርስበት ልማድ የኛ ነው። አንቀጽ 635 የተጻፈው በእንግዳ እጅ ነው።

ያ ሕግ ሲወጣ ምክር ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ተመልሰዋል። ጣልያን ሲመጣ ጎሬ ድረስ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ዘምተው ተማረኩ፣ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። ለአንቺ ዋናው ግን ይህ አይደለም። ጸሐፊ ነበሩ። «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታትሟል፤ ከሰብለ 16 ዓመት በፊት። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱት ቴአትርም ይጽፉ ነበር።

እስቲ አስቢው። ጦር ሜዳ የዋለች፣ እስር ቤት የከረመች፣ ትምህርት ቤት የመራች፣ በሕዝብ የተመረጠች ሴት በ1940ዎቹ መጽሐፍ ጽፋ ሳለ፣ «ሴት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ» ተብሎ ሲጠየቅ የሁላችንም አፍ የሚፈጥነው ወንድ ወደፈጠራት ገጸ ባሕርይ ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ሴቷን እንደ ገጸ ባሕርይ አወቅናት እንጂ እንደ ደራሲ አላወቅናትም። ስለ ሰብለ የተጻፈው ወረቀት ቢከመር ጣራ ይነካል። ስለ ስንዱ ድርሰት የተጻፈው ስንት ነው? ሂጂና ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ። የርዕስሽ ሌላው እግር እዚህ ቢቆም ደስ ይለኛል። ከስንዱ በኋላ የመጡትንም አትርሺ። ሮማነወርቅ ካሳሁን ከሬዲዮውም ከድርሰቱም አሉ። ጸሐይ መላኩ በልብ ወለድ ረጅም መንገድ ሄደዋል፤ «ቋሳ»ን ፈልገሽ አንብቢ። ግጥሙን ካነሣሽ ዓለምጸሐይ ወዳጆን ማለፍ አይቻልም።

አብዮቱ ዘመን ላይ ብዙ አልቆይም። የሴቶች ማኅበር በመንግሥት ተቋቋመ፣ መፈክሩ በዛ፣ ማንበብና መጻፍ የተማሩት ብዙ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው ሕግ ግን ያው የ1952ቱ ነበር። ባል አለቃ፣ ሚስት ታዛዥ። ያ አንቀጽ ንጉሡንም ደርግንም አልፎ እስከ 1992 ዓ.ም. ዘለቀ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በዚያ ዓመት ሲወጣ ነው የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 የሆነው፣ ባልና ሚስትም ቤተሰቡን በእኩልነት ይመራሉ የተባለው። እሱም ቢሆን የፌዴራል ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን እያወጡ ተከተሉ፤ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. አወጣ።

ስለ ጠለፋ ደግሞ ትንሽ ልበል፤ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ የለበሰችው እሱን ጭምር ፈርታ ነውና። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊውን ይከስሳል። ነገር ግን የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀራል። ማለትም ሕጉ ራሱ ለጠላፊው «አግባትና ተገላገል» ይለው ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል ያሳደዳትን ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። ያን ጊዜ ገና ብቅ ያለው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ነው የተከላከለችው ብሎ በነፃ ለቀቃት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ የማምለጫ በሩን ዘጋው። አሁን ጠላፊ ቢያገባትም ከቅጣት አይድንም፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው። አስገድዶ መድፈርን በተመለከተ ግን ሕጉ አሁንም «ከጋብቻ ውጭ» ይላል። ሚስትን አላካተታትም። ይህን ቃል ያነበብኩ ጊዜ አንቀጽ 635 ሙሉ በሙሉ እንዳልሞተ ገባኝ።

የዚያች ልጅ ታሪክ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ክርክሩ የታሪኩ ባለቤት ፈቃድ ተጠይቋል ወይስ አልተጠየቀም የሚል ነበር። እግዱ በኋላ ተነሥቷል፤ ማን ትክክል ነበር የሚለውን እኔ አልፈርድም። ግን ከላይ ያዢልኝ ካልኩሽ ነገር ጋር አያይዢው። የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ በገላውዴዎስ ብዕር አለፈ። ሰብለና ውድነሽ በወንድ ደራሲ ተፈጠሩ። ይህችኛዋ ሴት ግን በሕይወት አለች፣ ጠበቃ አላት፣ «ታሪኩ የኔ ነው» ብላ መከራከር ትችላለች። ሴት በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስላላት ቦታ ስትጽፊ «ታሪኩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ምዕራፍ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሥራውን ከየት ትጀምሪ? ከውድነሽ ጀምሪ። ርስት እያላት የሚያርስላት የሌላትን ሴት ከዛሬዋ የጎጃም ሴት ጋር አስተያያት። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ፤ ፎቷቸውም ጎን ለጎን ተለጥፏል። ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ባል ብቻውን ላከራየው ሲል የሷ ፊት ደብተሩ ላይ አለ። ግን ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ደብተሯን ይዛ አሁንም መሬቷን የእኩል ትሰጣለች፤ ምርቱን ከአራሹ ጋር ትካፈላለች። በሬና ዕርፉ የሱ ነው። ልብ ወለዱ ያየውና ደብተሩ ያልደረሰበት እዚህ ጋ ነው። ገጠር ቤተሰብ ካለሽ ሁለት ሦስት እናቶችን አነጋግሪ፤ ሲያወሩሽ ጻፊ፣ ስማቸውን ግን አታውጪ።

ከዚያ ሰብለን በልብሷ በኩል ያዢያት። ጦቢያን አጠገቧ አስቀምጪ፤ ወለተ ጴጥሮስን ከኋላ። የግእዙ ንባብ ከከበደሽ የአማርኛ ትርጉም ፈልጊ፤ ሁለተኛውን አወጣጧን ግን ቃል በቃል አንብቢው። ጉዱ ካሣ የሚናገርባቸውን ቦታዎች ለብቻ፣ ሰብለ የምትወስንባቸውን ለብቻ ለቅመሽ አውጪ፤ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ስታደርጊያቸው የጽሑፍሽ ክርክር ራሱን ይነግርሻል። ስንዱ ገብሩን በመጨረሻው ምዕራፍ አምጫቸው፤ የግርጌ ማስታወሻ እንዳታደርጊያቸው ብቻ። አማካሪሽ ያው መምህር ከሆኑ ደግሞ አትጣዪ፤ ረቂቁን መጀመሪያ ለሳቸው ስጪ፣ አንቀጽ 635ን ከነሬኔ ዳቪድ የያዘውን ገጽ ከላይ አድርገሽ።